አባባ የመረጡት መብራት

ባለፈው ጥር ላሊበላ ስሄድ ያረፍኩት እናቴ ድሮ ትሠራበት በነበረው ሆቴል ነው። ከእንግዳ መቀበያው ደረጃ ሥር ዓሣ ይቀመጥበት የነበረው የመስታወት ሣጥን ዛሬም አለ። ውኃም ዓሣም የለውም፤ እንግዳ የረሳቸው ጃንጥላዎች ተቀምጠውበታል። ክዳኑን ከፍ ሳደርገው የደረቀ ዓሣና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሽታ ይህን ያህል ዓመት አይቆይም የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ምናልባት የሸተቱኝ ጃንጥላዎቹ ይሆናሉ። ያም ሆነ ይህ አራተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት አስታወሰኝ፤ አባባ ይትባረክ ለዓሦቹ መብራት የመረጡበትን ዓመት።

አባባ ይትባረክ የእናቴ አጎት ነበሩ። ሰው "መሪጌታ" ይላቸዋል፤ ለእኔ ግን አባባ ነበሩ። ሥራቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሣል ነው። በዚህ የተነሣ በከተማው ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር ሁሉ ፍርዱ እሳቸው ዘንድ ነበር። በሩን ሊያስቀባ ያሰበ፣ ለጥለት ክር የገዛች፣ ለልጇ ሠርግ መጋረጃ የምታስመርጥ፣ ሁሉም ናሙናውን ይዞ ይመጣል። እሳቸው ናሙናውን ተቀብለው ደጅ ይወጣሉ፤ በፀሐይ ያዩታል፣ ገልብጠው ያዩታል፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። ዝናብ ቢሆን "ነገ ተመለሱ" ይላሉ እንጂ ቤት ውስጥ አያዩም። "ቀለም በመብራት አይመረጥም፤ መብራት ያባብላል" የሚል አባባል ነበራቸው። ራሳቸውም የሚሥሉት ጠዋት ብቻ ነው፤ በሩን ወለል አድርገው ይቀመጣሉ፣ ፀሐይዋ ከደጃፉ ስትሸሽ ብሩሻቸውን አጥበው ይነሣሉ።

በዚያ ዓመት የከሰዓት ተማሪ ስለነበርኩ፣ እናቴ ሆቴል ስትውል ጠዋቱን የማሳልፈው ከእሳቸው ጋር ነበር። እመቤታችንን ከነልጇ በአቡጀዲ ላይ እየሣሉ ነው፤ ሥዕሉ ቁመቱ የበር ያህላል። የሚሄደው ከገነተ ማርያም ባሻገር ላለች ትንሽ ደብር ሲሆን፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን መድረስ ነበረበት። አባባ ክርስትና የተነሡባት ደብር ናት። "ከዚህ በኋላ ብሩሼን ብጥልም አይቆጨኝም" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። የደብሩ አለቃ አንድ ቀን መጥተው ሥራው እንዴት እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ፣ ሲወጡ እናቴን ደጃፍ ላይ አቁመው "ካልሆነላቸው አንድ ወጣት ሠዓሊ አለ፤ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ" አሏት። እናቴ "ኧረ ምን ሆነው!" ብላ ሸኘቻቸው።

ቀለሞቹ በማርማላታ ብልቃጥ ነበር የሚቀመጡት። አባባ አንዱን ያነሡና ወደ እኔ ዘርጋ ያደርጉታል።

"ትርሲት፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቀይ።"

"ጎበዝ። ይሄስ?"

"ሰማያዊ።"

"ጎበዝ።"

ፈተና መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያለው ፈተና አንዳንዴ ይጥለኛል፤ የአባባን ሁልጊዜ አልፋለሁ። ለጓደኞቼ ሥዕል እየተማርኩ ነው ብዬ አውርቻለሁ። በፀሐይ መሐል ቆመው "ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል?" ሲሉኝም የዕለቱ ተጨማሪ ጥያቄ ነው ብዬ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እመልሳለሁ፤ አስተማሪያችን እንዲያ ነበር የሚወደው። የብሩሽ ማጠቢያውን ውኃ ከጣሳው ውጭ ሲቀዱት ግን የጣሳውን አፍ ያጠበበውን ሰው ይረግሙ ነበር፤ እኔም አብሬ እረግመዋለሁ።

ዓሦቹ የመጡት ኅዳር ውስጥ ነው። የሆቴሉ ባለቤት የእትዬ ዝናሽ ልጅ ከአዲስ አበባ በመኪና ይዟቸው መጣ፤ በውኃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ አምስት ቀይና አንድ ጥቁር። ለገና የሚመጣው እንግዳ ሲገባ እንዲያያቸው ታስቦ ነው። ልጁ መስታወቱን ተከለ፣ ከሥሩ ነጭ ጠጠር አነጠፈ፣ ክዳኑ ላይ መብራት አበራና ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተማው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ሆቴል ገባ። አንድ ከአሸተን በኩል የወረዱ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩና እትዬ ዝናሽን "እንዲያው እነዚህን ለገና ነው እምታደልቧቸው?" አሏት። እትዬ ዝናሽ ስቃ ልትሞት ነበር። ሰውዬው ግን አልሳቁም፤ እንዲህ ባለ ክሳት ለበዓል እንደማይደርሱ ነገሯት።

እውነትም ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ ከሱ። መክሳቱስ ይቅር፣ ቀለማቸው ሸሸ። እንደ በርበሬ ቀልተው የመጡት አምስቱ የታጠበ ጨርቅ መሰሉ፤ ከሚበራው መብራት እየሸሹ ከውኃ ማጣሪያው ጀርባ ይደበቃሉ። ምግብ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ወደ አባባ ስሄድ መንገዴ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ጾም ይዘዋል ብዬ አመንኩ። የምግባቸውን ቆርቆሮ ባሸትተው ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ስለዚህ ለሦስት ቀን ከለከልኳቸው። በአራተኛው ቀን እናቴ ደረሰችበት። "ዓሣ ምን ኃጢአት አለበትና ይጾማል?" ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ምግቡን መልሰን ሰጠናቸው፤ ቀለሙ ግን አልተመለሰም።

እትዬ ዝናሽ ልጇ ጋ ደወለች። ነገሩ ከመብራቱ ነው አላት፤ በአውቶቡስ ሦስት ዓይነት መብራት ላከ። አንዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። "እያበራሽ እይና ቀለማቸውን የሚያወጣውን ምረጪ" የሚል ወረቀት ነበረበት። በላሊበላ ቀለም ምረጡ ከተባለ ወዴት እንደሚኬድ የታወቀ ነው።

ከዚህ በፊት ግን እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር አለ።

ፈተናው ሰልችቶኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚያልፉት ፈተና ይሰለቻል። አንድ ጠዋት አባባ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ እየሣሉ፣ ጉልበቷ ላይ የሚወድቀውን እጥፋት ሊቀቡ አንድ ብልቃጥ አነሡ።

"ይሄ ምንድነው?"

አረንጓዴ ነበር። ይቆጡኝ እንደሆነ ለማየት ብዬ "ሰማያዊ" አልኩ።

"ጎበዝ" አሉና ብሩሹን ነከሩት።

በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ነገሩን ማመን አቃተኝ። አባባ በቀለም ይሳሳታሉ ብሎ ማሰብ፣ ቄሱ ቅዳሴ ጠፋባቸው እንደማለት ነው። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ብልቃጡን እንዳስተማሩኝ ደጅ አወጣሁት፣ በፀሐይ አየሁት፣ ገልብጬ አየሁት። አረንጓዴ ነው። ከደብተሬ ሽፋን ጋር አስተያየሁት፤ ያው አረንጓዴ ነው። ሲመለሱ ብልቃጡ ቦታው ላይ ነበር፣ እኔም ቦታዬ ላይ። ፈራሁ፤ ምኑን እንደፈራሁ ግን ገና አላወቅኩም።

መብራቱ የተመረጠው በዚያው ሳምንት ነው። የደብሩ አለቃ ስለ ሥዕሉ ሊነጋገሩ መጥተው ስለነበር አባባን አጅበው አብረው ወደ ሆቴሉ መጡ። አባባ "እኔና መብራት ምን አገናኘን?" ብለው ማንገራገራቸው አልቀረም። አለቃው "ቀለም ነው እኮ መሪጌታ፣ ማን ያውቅልናል?" ሲሏቸው ግን እሺ አሉ። እምቢ ቢሉ "ለምን?" መባሉ አይቀርም። እናቴ መጋረጃውን ሁሉ ዘጋች፤ በጠራራ ቀን ክፍሉ ደብዘዝ አለ።

እትዬ ዝናሽ በመጀመሪያ ቢጫ የሚለውን አበራች። እኔ ላጨበጭብ ነበር፤ አምስቱም ዓሦች እንደገና ቀሉ፣ ክንፋቸው ሳይቀር። አባባ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ጭቃ ነው። አጥፊልኝ።"

ነጩ በራ። "ይሄም ያው ነው፤ ትንሽ የተሻለ ጭቃ።"

ሦስተኛው፣ ሰማያዊ የሚለው፣ ሲበራ ነጩ ጠጠር በረዶ መሰለ፤ ቀዮቹ ዓሦች አመድ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። አባባ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ።

"እሰይ! እሰይ! አሁን ገና ዓሣ ሆኑ። ይሄ ነው የፀሐይ ብርሃን ማለት።"

እትዬ ዝናሽ ዓሦቹን አየች፣ አለቃውን አየች። አለቃው ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። እናቴ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ቆማለች።

"አንቱ ካሉ ነዋ፣ አባባ" አለች በመጨረሻ እትዬ ዝናሽ።

"መልካም ነው" አሉ አለቃው። "መልካም ነው።"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ? አያምሩም?"

"ያምራሉ" አልኩ።

የአገራችን ሰው ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት አያርምም። ክብር ነው፤ ስንፍናም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ልዩነታቸውን አላውቅም ነበር። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሰማያዊው መብራት ቀረ። ገና መጣ። ከየአገሩ የመጣው ምዕመንና እንግዳ በመስታወቱ ፊት ሲያልፍ "እነዚህ ዓሦች ታመዋል እንዴ?" ይላል። እትዬ ዝናሽ ኮስተር ብላ "የአገራችን ሠዓሊ ናቸው የመረጡት" ትላለች። መብራቱን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ አንድም ቀን አልቀየረችውም።

እናቴን ጠየቅኳት። አንሶላ እያጠፍን ነበር።

"እማዬ፣ አባባ አያዩም እንዴ?"

የአንሶላውን ጫፍ ከእጄ ወሰደች። "ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ። ጠበል እየተጠመቁ ነው። ሐኪም በቢላ አይነካኝም ብለዋል። አንቺ ዝም በይ።"

"ለምን?"

"አለቃው ካወቁ ሥዕሉን ወስደው ለዚያ ልጅ ይሰጡታል። ሥዕሉ ከተወሰደባቸው ምን ቀራቸው?"

በየጠዋቱ ይደረግ የነበረው ፈተና ፈተና እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ሲጠይቁኝ ስለማያውቁት ነበር የሚጠይቁት። "ጎበዝ" የሚሉኝም ለምስጋና ነበር። አፈርኩ። ስለዋሸሁት እጥፋት ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ በኋላ ስጠየቅ እውነቱን ብቻ እመልስ ነበር፤ ብልቃጡን ሦስቴ አይቼ። ሥዕሉ ግን ዓይኔ እያየ መልኩ ይለወጥ ነበር። አባባ መጎናጸፊያው ሰማያዊ አልሆን ብሏቸው በላዩ ላይ ሰማያዊ ይደርባሉ፣ እንደገና ይደርባሉ። ካልደመቀ አይታያቸውም። መጎናጸፊያው እስኪጮህ ድረስ ደረቡበት፤ በመካከሉ ጉልበቷ ላይ አንድ አረንጓዴ እጥፋት ቁጭ ብሏል።

ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ሥዕሉ ዓይን ብቻ ቀረው። ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የሚሣለው፤ ዓይን ከገባ በኋላ ሥዕሉ ያይሃል፣ ሥዕሉ እያየህ ማረም ነውር ነው ይሉ ነበር። አባባ ያን ጠዋት ጸሎታቸውን አስረዝመው ተቀመጡ፣ ቀጭኑን ብሩሽ ያዙ፣ ብልቃጥ አነሡ።

"ትርሲት፣ ጥቁሩ ይሄ ነው?"

ብልቃጡን ትቼ ሥዕሉን አየሁ።

"ምነው? አታዪም?"

"አባባ" አልኩ፣ "ዓሦቹ አመድ ናቸው።"

ብሩሹ ቆመ። "የትኞቹ ዓሦች?"

"እነዚያ። መብራቱን ከመረጡላቸው ጀምሮ አመድ ናቸው። በቢጫው ነበር የሚቀሉት።"

"ሁሉም?"

"ጥቁሩ ብቻ ጥቁር ነው።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ብልቃጡን መሬት አስቀመጡት፤ እጃቸው ወለሉን ፈልጎ ነው ያገኘው። እንግዲህ ከተጀመረ ይውጣ ብዬ የአረንጓዴውንም ነገር ተናገርኩ፤ እያለቀስኩ። አባባ ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

"የቱ ጋ ነው?"

ጣታቸውን ይዤ ሥዕሉ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ አሳረፍኩት። ቀለሙ ደርቋል። እጥፋቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

"ዘንጌን አምጪ" አሉኝ።

የደብሩ አለቃ ያን ቀን ከተማ ነበሩ፤ የአባባን እጅ ይዤ ወዳሉበት ወሰድኳቸው። አባባ አልተቀመጡም። ሥዕሉ ለሃያ አንድ እንደማይደርስ፣ ዓይናቸው እንደማያይ፣ ለወጣቱ ሠዓሊ ሊሰጥ እንደሚችል ቆመው ተናገሩ። እኔ መሬት መሬት ነው የማየው። አለቃው ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መሪጌታ፣ እኛም እኮ አውቀናል። መብራቱን የመረጡ ዕለት ነው ያወቅነው። እንዴት ብለን እንንገርዎት ብለን ነው።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

"ከዚህ ሁሉ ሰው አፍ የነበራት ይህች ብቻ ናት?" አሉና ትከሻዬን ያዙ። ሲይዙኝ ጠበቅ አድርገው ነው፤ ቁጣም ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

አለቃው ሥዕሉን ለማንም እንደማይሰጡ ተናገሩ። ነገር ግን አንድ ነገር ለመኗቸው፤ በየካቲት ወደ ከተማው ለሕክምና የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ እንዲታዩ። "ጠበሉንም አይተዉ፣ ሐኪሙንም አይጥሉ፤ እመቤታችን ትጠብቅዎታለች" አሏቸው። ጥር ሃያ አንድ ያለ ሥዕል ተከበረ። አባባ በበዓሉ ላይ ከኋላ ቆመው ነበር የዋሉት።

በየካቲት ግራ ዓይናቸው ተሠራ። ሐኪም ቤት አልወሰዱኝም፤ ስለዚህ የማውቀው ሲመለሱ ያለውን ነው። የዓይናቸው ፋሻ በተነሣ ማግሥት እናቴን ሊያመሰግኑ ወደ ሆቴሉ መጡ። ከበሩ ሲገቡ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ዓሦቹ ሄዱ። ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑና በቀኙ አዩ። ቀኙን ሸፈኑና በግራው አዩ። ደግመው ሸፈኑ፣ ደግመው አዩ።

"ይሄን መብራት ማነው የመረጠው?"

እትዬ ዝናሽ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች። እናቴ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። ያው ልማዳቸው ነው።

"አንቱ ነዎት" አልኩ።

ሳቁ። "ሐኪሙ አይሳቁ ብሎኛል" እያሉ ሳቁ፤ ያን ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ከዚያ ካባቸውን አውልቀው ሥራ ጀመሩ። ሰማያዊውን አስወጥተው ቢጫውን አስገቡ። መብራቱ ከዓሦቹ ኋላ ሆኖ ጥላቸውን ብቻ ስለሚያሳይ ክዳኑ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ አስጠጉት። ነጩን ጠጠር አስለቅመው የወንዝ ጥቁር ድንጋይ አስመጡ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ወጠሩ። "ቀይ የሚቀላው ኋላው ሲጠቁር ነው፤ ይሄን እንኳ ልረሳው!" ይሉ ነበር። በሰማያዊው ሥር ስለከረሙ ዓሦቹ እንደ መጀመሪያው ወዲያው አልቀሉም። ሳምንት ያህል ቆይተው ከማጣሪያው ጀርባ እየወጡ፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ ቀሉ። ያንን በርበሬ ቀለም ያየሁ ቀን ለጥቁሩም ምግብ ጨመርኩለት።

ሥዕሉን ሲገልጡት ግን አልሳቁም። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሚጮኸውን ሰማያዊ በየጠዋቱ እየፋቁና እየቀቡ እስከ ፋሲካ ድረስ አረሙት። ዓይኑንም ሣሉት፤ ጥቁሩን ብልቃጥ ራሳቸው መርጠው። አረንጓዴው እጥፋት ግን እንዳለ ነው።

"ይሄንስ አያጠፉትም?" አልኳቸው።

"እኔ ያልመረጥኩትን አላጠፋም" አሉ። "ይሄ ያንቺ ነው።"

ባለፈው ጥር ከሆቴሉ ወጥቼ ወደ ደብሯ ሄድኩ። አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለም ይላል፤ በጧፍ ብርሃን መጎናጸፊያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰማያዊ ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን ወደ ሥዕሉ አስጠጋኝና የሞባይሉን መብራት አበራ። ጉልበቷ ላይ ያለው እጥፋት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

"ይቺን ሰው አያያትም" አለኝ። "አንዳንዱ የቃል ኪዳን ምልክት ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሠዓሊው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ተሳስተው ነው ይላል።"

"አልተሳሳቱም" አልኩት። "አንዲት ልጅ ዋሽታቸው ነው።"

ዲያቆኑ የሞባይሉን መብራት አጠፋ። እጥፋቱ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ።